ያገለገለ የሙዚቃ ዕቃ በኢንተርኔት ለግለሰብ መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ማይክ፣ ሚክሰር ወይም ስፒከር በቴሌግራም፣ በጂጂ ወይም በፌስቡክ ለሚሸጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ነገሩ በዋናነት አዲስ አበባን ይመለከታል፤ ወደ ክፍለ ሀገር ለሚልኩና ውጭ አገር ሆነው ለሚሸጡም መልስ አለ። ሻጭን የሚያማርሩት ጣጣዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ገዢው ፊት ለፊት ከመቆሙ በፊት ሊያልቁ ይችሉ ከነበሩ ነገሮች ነው። ስለዚህ ከድርድሩ ይልቅ ስለ ዝግጅቱ ብዙ ብለናል።

ማስታወቂያ ባወጣሁ ቁጥር “ዋጋ?”፣ “አለ?”፣ “ላስት ስንት ነው?” የሚል መልእክት ይጎርፋል፤ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ምን ላድርግ?

ዋጋውን ጽሑፉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ፎቶው ላይም ይጻፉ። ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ፎቶውን ነው፤ ማስታወቂያው ወደ ሌላ ግሩፕ ሲላክም ጽሑፉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። “ኢንቦክስ ያድርጉ” የሚለውን ይተዉት፤ ዋጋ የደበቀ ሻጭ የሚያገኘው ዋጋ ጠያቂ ብቻ ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ ሙሉ የሞዴል ስም ይግባ። “ያማሃ ኪቦርድ” ምንም አይናገርም፤ 61 ቁልፍ ያላቸው ያማሃዎች ከልጆች መለማመጃ እስከ መድረክ ዕቃ ድረስ ናቸው። “ያማሃ ፒኤስአር-ኢ463” ሲባል ግን የሚያውቀው ሰው ወዲያው ይወስናል። አብሮ የሚሰጠውን ሁሉ (አዳፕተር፣ ስታንድ፣ ፔዳል፣ ቦርሳ)፣ ያለበትን ጉድለት፣ የሚሠራበትን ቮልቴጅ፣ ሠፈርዎንና የሚቀበሉትን የክፍያ መንገድ ይጨምሩ። ጉድለቱን መጻፍ ዋጋ ይቀንሳል ብለው የሚፈሩ አሉ። ጉድለቱ ከቦሌ ተነሥቶ አየር ጤና በመጣ ገዢ ፊት ሲገኝ ግን የሚያስቀንሰው ከዚያ የበለጠ ነው።

“ላስት ስንት ነው?” ለሚለው በጽሑፍ ቁጥር አይስጡ። ዕቃውን ሳያይ ያስቀነሰ ሰው፣ አይቶ ሲጨርስ ለሁለተኛ ጊዜ ያስቀንሳል፤ በመልእክት የተናገሩት የመጨረሻ ዋጋ እዚያ የመነሻ ዋጋ ይሆናል። “መጥተው ይሞክሩት፤ ከወደዱት እንነጋገራለን” የሚል አንድ መልስ ያዘጋጁና ለሁሉም እሱኑ ይላኩ። ለራስዎ ግን ሦስት ቁጥር ይያዙ፦ የሚጠሩት፣ የሚፈልጉትና ከዚያ በታች የማይሸጡበት። በሚጠሩትና በሚፈልጉት መካከል አሥር በመቶ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አስፍተው ከጠሩ ቁም ነገረኛው ገዢ ሳይደውል ያልፋል።

ገዢዎች “አንተ በድሮው ዶላር ነው የገዛኸው” እያሉ ይከራከሩኛል። ትክክል ናቸው?

አይደሉም፤ መልሱም አጭር ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚተመነው ዛሬ እሱን በሌላ ለመተካት በሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሙዚቃ ዕቃ ደግሞ አገር ውስጥ ከሚሠሩት እንደ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ካሉት በስተቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። የገዙበትን ዋጋ ለገዢ መንገር ግዴታ የለብዎትም፤ ክርክሩን የሚከፍተው እሱ ነውና ባይነግሩ ይሻላል። ይልቁንስ በዚያው ሳምንት ሁለት ሦስት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ደውለው የአዲሱን ወይም የቅርቡን ሞዴል ዋጋ ይጠይቁ። ድርድሩ ከዚያ ቁጥር ይነሣል።

ኪቦርድ ከመሸጤ በፊት ምኑን ነው የማየው?

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣው ኪቦርድ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው።

ተራ የፒያኖ ድምፅ ይምረጡ፤ የንክኪ ምላሽ መከፈቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ሁሉንም ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በቀስታ ቀጥሎ በኃይል ይጫኑ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥቁር ካርቦን የተቀባ ጎማና ሁለት መነካኪያ አለ። ኪቦርዱ ጣትዎ በቀስታ ወይም በኃይል መውረዱን የሚያውቀው በአንደኛውና በሁለተኛው መነካካት መካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ ነው። አቧራ ወይም የፈሰሰ ሻይ አንዱን ከጋረደው ቁልፉ ዝም ይላል፣ ወይም በቀስታ ቢነኩትም ይጮኻል። ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው መካከለኛው ኦክታቭ ላይ ነው፤ የሚበላውም እሱ ነውና እዚያ ጋ ቆይተው ይሞክሩ።

የሚያጠፉት ቁልፎች እዚህም እዚያም የተበተኑ ከሆኑ ምክንያቱ አቧራ ወይም ያለቀ ጎማ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ስድስት ወይም ስምንት ቁልፎች አብረው ከሞቱ፣ ወይም በእኩል ርቀት እየተደጋገመ አንዱ ከጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁልፎቹ የሚነበቡት በቡድን በቡድን ስለሆነ አንድ መስመር ሲቋረጥ ቡድኑ አብሮ ይሄዳል። ይህ የሪባን ኬብል (ሰሌዳዎቹን የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ) ወይም የዳዮድ ችግር ስለሆነ ጎማ በማጽዳት አይድንም፤ ለባለሙያ ይስጡት ወይም ጽፈው ዋጋ ቀንሰው ይሽጡት።

ጎማውን ራስዎ ለማጽዳት ካሰቡ ኪቦርዱን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ ባትሪ ካለውም ያውጡ። ብሎኖቹን ሲፈቱ የወጡበትን ቦታ በወረቀት ላይ ሥለው እዚያው ላይ ያስቀምጡ፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ሽፋኑን ይበሳል። ሰሌዳውን ክር በማይለቅ ጨርቅና በስፒርቶ ይጥረጉ። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ ስፒርቶ ውኃ አለበትና ሰሌዳው ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። የጎማውን ጥቁር ነጥብ በቢላ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቁት፤ ካርቦኑ ስስ ነው፣ ከሄደ አይመለስም።

ስፒከሩ ዝም ካለ ከመደናገጥዎ በፊት የሄድፎን ቀዳዳውን ይዩ። ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩን የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጡ አለ፤ እሱ ከተጣበቀ ኪቦርዱ ሄድፎን እንደተሰካ ነው የሚቆጥረው። ጃኩን ደጋግሞ መሰካትና መንቀል፣ ካልሆነም ትንሽ የኮንታክት ማጽጃ መርጨት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። “ስፒከሩ የሞተ” ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ኪቦርድ አንዳንዴ ከዚህ ያለፈ ችግር የለበትም፤ ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ሳይቆራረጥ አንድ ቪዲዮ ይቅረጹ፦ ሲሪያል ቁጥሩ፣ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም ቁልፎች፣ ፒች ቤንዱ (ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጎማ)፣ ቮልዩሙ፣ ስክሪኑ። ቮልዩሙን ከግማሽ በታች ያድርጉት፤ የስልክ ማይክ ከፍተኛ ድምፅ ስለሚያጨናንቅ ደህናው ስፒከር የተቀደደ ይመስላል።

ኪቦርዱ ውስጥ ያሉትን የኢትዮጵያ ስታይሎችና ሬጂስትሬሽኖች (በአንድ ቁልፍ የሚጠሩ የተቀመጡ ቅንብሮች) ምን ላድርጋቸው?

ውስጡ ያለው የምት ስታይልና የስኬል ቅንብር ለብዙ ተጫዋች ከዕቃው እኩል ዋጋ አለው፤ ስለዚህ አብሮ እንደሚሸጥ ወይም እንደማይሸጥ በማስታወቂያው ይግለጹ። አብሮ የሚሄድ ከሆነም መጀመሪያ ለራስዎ ፍላሽ ላይ ይቅዱ። በያማሃ ኤክስፓንሽን ማኔጀር (በያማሃ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የተጫነ ፓክ፣ ማለትም የድምፅና የስታይል ጥቅል፣ ከዚያ ኪቦርድ መለያ ጋር የታሰረ ነው፤ የመጫኛ ፋይሉን ቀድተው ቢወስዱት አዲሱ ኪቦርድዎ አይቀበለውም። ዋናውን ፓክ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ለአዲሱ ኪቦርድ እንደገና ማዘጋጀት አለብዎት።

ማጽዳት ከፈለጉ በያማሃ ፒኤስአር-ኢ ዓይነቶች ላይ የመጨረሻውን የቀኝ ነጭ ቁልፍ ተጭነው ሲያበሩ ቅንብሩ ይጠፋል። ከእሱ ጋር የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥቁር ቁልፎች ጨምረው ተጭነው ሲያበሩ ደግሞ ከኮምፒውተር የተጫኑት ዘፈኖችና ስታይሎች ይጠፋሉ። ይህን ሽያጩ እስኪያልቅ አይቸኩሉበት። አንዳንድ ገዢ የሚመጣው ለስታይሉ ብሎ ነው።

ጊታርና ማይክ ላይስ?

ጊታር ላይ የሚታየው አንገቱ ነው። ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዱ) እና አንገቱ ከሣጥኑ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ አንድ ላይ ይጫኑ፤ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ሲኖር ጥሩ ነው። ክፍተቱ ከዚያ በጣም ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል፤ ጨርሶ ከሌለ ወደ ኋላ ሄዷል። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ብረት) የማያውቁ ከሆነ ለሽያጭ ብለው አይንኩት፤ የሚያውቁም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፉ። ናይለን ክር የተሠራለት ቦክስ ጊታር ላይ የብረት ክር አስረው ለመሸጥ አይሞክሩ። የብረት ክር ውጥረት ብሪጁን (ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) ያስነሣል፣ ገዢው ይዞት በሄደ በሳምንቱ።

ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የኮንታክት ማጽጃ ይበቃል። ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ዘይት ግን አይጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባል።

ማይክ ላይ ችግሩ እምነት ነው። የሹር ኤስኤም58 አስመስሎ የተሠራው ገበያውን ስለሞላው ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት። የላይኛው ክፍል ከእጀታው ተፈትቶ ሲከፈት የሚታዩት ሽቦዎች ቢጫና አረንጓዴ ናቸው። አስመሳዮቹም እየተሻሻሉ ስለሆነ ደረሰኝ ከሌለዎት “ኦሪጅናል ነው” ብለው ከመማል የሚያዩትን መግለጽ ይሻላል። ኮንደንሰር ማይክ የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ 48 ቮልት ፋንተም (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኃይል) የሚሰጥ ሚክሰር ወይም ኢንተርፌስ ይዘው ይገኙ። ያለ እሱ ማይኩ ድምፅ አይሰጥም፤ ገዢውም “የሞተ ነው” ብሎ ይሄዳል።

“ወስጄ ስሰካው ተቃጠለ” የሚል ገዢ እንዳይመጣብኝ ምን ላድርግ?

አዳፕተሩን አብረው ይስጡ፤ ከጠፋብዎ ከመሸጥዎ በፊት ትክክለኛውን ይግዙ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ ልክ አይሆንም። የያማሃ ትናንሽ ኪቦርዶች አዳፕተር፣ ለምሳሌ ፒኤ-130፣ 12 ቮልት ሲሆን ፖዘቲቩ መካከል ላይ ነው። የቦስ ጊታር ፔዳሎች 9 ቮልት ሆነው መካከሉ ኔጌቲቭ ነው። የአንዱን በሌላው መሰካት ውስጡን ሊያቃጥል ይችላል። ቮልቱን፣ አምፒሩንና የመካከሉን ምልክት በፕላስተር ላይ ጽፈው ዕቃው ጀርባ ላይ ይለጥፉት። አምፒሩ ከሚጠየቀው ቢበልጥ አይጎዳም፤ ቢያንስ ግን ዕቃው በመካከሉ ይጠፋል ወይም አዳፕተሩ ይግላል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን ያንብቡ። “100-240” የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። “120 ቮልት” ብቻ የሚል ፓወር አምፕሊፋየር ወይም የቱቦ ጊታር አምፕ የእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ፊውዙ ይሄዳል፤ ፊውዙ ባይሄድ ደግሞ የባሰ ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመሩ ዕቃው ከሚፈልገው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ መሆን አለበት። ትራንስፎርመሩ 60 ኸርዝን ወደ 50 አይቀይርም። ለአብዛኛው ዕቃ ይህ ችግር የለውም፤ ድምፁ በሞተር ፍጥነት የሚወሰነው የድሮው ሐመንድ ኦርጋን ግን ከሦስት ሰሚቶን በላይ ወርዶ ይጫወታል። ይህን ሳይነግሩ መሸጥ ገዢውን መጉዳት ነው።

ገዢ መስለው የሚደውሉ ደላሎችን እንዴት ልለይ?

ስለ ዕቃው ሳይጠይቅ “ስንት ይቀንሳል፣ ሰው አለኝ” የሚል ደላላ ነው። ደላላ መሆኑ በራሱ ክፋት የለውም፤ ጉዳቱ ፎቶዎን ወስዶ ዋጋ ጨምሮ በሌላ ቻናል ሲለጥፈው ነው። ገዢው ሁለቱን ያያል፤ የሚጠራጠረው ግን እርስዎን ነው። ፎቶው መካከል ላይ፣ ቁልፎቹን አቋርጦ፣ ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ፤ ጥግ ላይ የተጻፈ በቀላሉ ይቆረጣል። በደላላ ለመሸጥ ከተስማሙ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ገዢው ከመምጣቱ በፊት በመልእክት ይስማሙ። ከሽያጩ በኋላ “የእኔስ?” የሚል ሁለተኛ ሰው በር ላይ መቆሙ የተለመደ ጣጣ ነው።

“እመጣለሁ፣ ያዝልኝ” ብለው የሚቀሩትንስ?

ያለ ቀብድ ለማንም አይያዙ። “ቀድሞ የመጣ ይወስዳል” ብለው ለሁሉም እኩል ይናገሩ፤ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ደውለው “ልወጣ ነው፣ እየመጡ ነው?” ብለው ያረጋግጡ። ያልመለሰ ሰው አይመጣም ብለው ይቁጠሩ።

ቀብድ ሲቀበሉ ሕጉን ይወቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ይዘው የተሻለ ዋጋ ለሰጠ ሌላ ሰው መሸጥ በነፃ አይደለም። ቀብዱን ሲቀበሉ እንዲህ ብለው መልእክት ይላኩ፦ “ለያማሃ ፒኤስአር-ኢ463 ቀብድ 2,000 ብር ተቀብያለሁ፤ ቀሪው እስከ ቅዳሜ ከሰዓት 10 ሰዓት ይከፈላል፤ ካልተከፈለ ቀብዱ አይመለስም።” ገዢው “እሺ” ብሎ ይመልስ፤ ያ መልስ ይቀመጥ።

የማያውቅዎ ሰው ዕቃውን ሳያይ ቀብድ አልልክም ቢል ግን አይቀየሙት። በዚሁ መንገድ የተጭበረበረ ብዙ ሰው አለ። በቪዲዮ ጥሪ ያሳዩት።

ክፍያው መግባቱን በምን አውቃለሁ?

እርስዎ በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ አፕ ከፍተው የሒሳብዎ ቀሪ መጨመሩን ሲያዩ ብቻ። የገዢው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ ስምና መጠን ቀይሮ ማዘጋጀት ደቂቃ አይፈጅም። የመጣልዎ ኤስኤምኤስም ቢሆን ከማን እንደመጣ ይዩ፤ የባንክ መልእክት አስመስሎ ከተራ የሞባይል ቁጥር መላክ የቆየ ዘዴ ነው። ገዢው ከመምጣቱ በፊት ቀሪ ሒሳብዎን አይተው ይጻፉት። ዳታ ከሌለዎት ቴሌብርን በ*127#፣ ንግድ ባንክን በ*889# ማየት ይቻላል። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ከሆነ ኤፍቲ በሚሉት ሁለት ፊደላት የሚጀምር የግብይት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከራስዎ አፕ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ገዢው የላከልዎን ሊንክ ከፍተው አያረጋግጡ።

“ኔትወርክ ስለሌለ ነው፣ ይገባል” ከተባለ ዕቃውም እርስዎም እዚያው ይቆዩ። መኪናው ቆሟል፣ ተሳፋሪ ይጠብቃል፣ እናት ታመዋል የሚባለው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ እስኪታይ ግን ኪቦርዱ ከክፍሉ አይወጣም።

የከፋዩ ስም ከፊትዎ ከቆመው ሰው ስም ጋር ካልገጠመ ይጠይቁ። ከተሰረቀ ሒሳብ የተላከ ገንዘብ ሲከተል ሒሳብዎ ሊታገድ ይችላል። መታወቂያውን ወይም ፋይዳውን ይዩ። “በስህተት አብልጬ ላክሁ፣ ትርፉን በዚህ ቁጥር መልስልኝ” የሚል ከመጣ በራስዎ አይመልሱ፤ ባንኩ ራሱ ወደ ላኪው ሒሳብ እንዲመልሰው ያድርጉ። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ባንክ ውስጥ ተገናኝተው በማሽን ይቆጠርና እዚያው ሒሳብዎ ውስጥ ይግባ። ቼክ አይቀበሉ።

የት እንገናኝ? ቤቴ እንዲመጡ አልፈልግም።

የሙዚቃ ዕቃ እንደ ስልክ ካፌ ጠረጴዛ ላይ አይሞከርም፤ ሶኬት፣ ስታንድና ትንሽ ጩኸት የሚችል ቦታ ይፈልጋል። የሚያውቁት ስቱዲዮ፣ የባንድ መለማመጃ ክፍል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤት ጥሩ ናቸው፤ ለክፍሉ ትንሽ መክፈል ቢያስፈልግም ያዋጣል። ባንክ በሚከፈትበት ሰዓት፣ በብርሃን፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆነው ይገናኙ። መብራት ቢጠፋስ ብለው ያስቡ፦ ባትሪ የሚወስድ ኪቦርድ ከሆነ ባትሪ ይያዙ።

“ለአንድ ቀን ወስጄ ልሞክረው” የሚል ካለ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ፣ የመመለሻው ሰዓት ተጽፎ ብቻ ይውሰድ።

የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ መግዛት ይፈልጋል፤ ደረሰኝ ግን ይጠይቁኛል።

ግለሰብ ሆነው የግል ዕቃዎን ሲሸጡ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ የሚያወጡበት መንገድ የለዎትም። መጀመሪያ ስልክ ላይ ይህንን ይናገሩ። ብዙ ኮሚቴዎች በሁለት ምስክር የተፈረመ የሽያጭ ውልና የመታወቂያ ቅጂ ይቀበላሉ፤ የማይቀበሉ ካሉ ሦስት ሳምንት ከመጠበቅ ያን ቀን ማወቅ ይሻላል። ውሳኔው በስብሰባ ስለሆነ ይዘገያል። ሆኖም እነዚህ ከያዟቸው በዋጋ ብዙ የማይጨቀጭቁ ገዢዎች ናቸው፤ የሚሞክረው ተጫዋቻቸው ራሱ እንዲመጣ ብቻ ያጥብቁ። ሰብሳቢው አይቶ ወስዶ ተጫዋቹ ካልወደደው ዕቃው ተመልሶ ይመጣል።

ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ላለ ገዢ እንዴት ልላክ?

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ መጥቶ ሞክሮ፣ ከፍሎ፣ ራሱ እንዲልክ ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ በመንገድ ለሚደርሰው ጉዳት ማን ተጠያቂ እንደሆነም ያጠራል።

እርስዎ የሚልኩ ከሆነ አዳፕተሩን ከኪቦርዱ ጋር አንድ ላይ ሳይሆን ለብቻው ያሽጉ፤ በመንገድ እየተወዛወዘ ቁልፍ ይሰብራል። ኪቦርዱን በላስቲክ፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሁለት ድርብ ካርቶን ውስጥ ይክተቱ፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑር፣ ካርቶን ሲወድቅ የሚያርፈው በጫፉ ነውና። ጊታር ከሆነ ክሮቹን ላላ ያድርጉ፣ ጨርሰው ግን አያውልቁ፤ ከጭንቅላቱ ሥርም ድጋፍ ይግባ። የቱቦ አምፕ ከሆነ ቱቦዎቹን አውጥተው ለየብቻ ይጠቅልሉ። በአውቶቡስ ሲሄድ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዳይጫን ይስማሙ፤ ክረምት ከሆነ ዝናቡ፣ በጋ ከሆነ ፀሐዩ ይጎዳዋል። የጭነት ደረሰኙን፣ የታርጋ ቁጥሩንና ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት የተነሣውን ፎቶ ለገዢው ይላኩ፤ እሱም ሲከፍት ቪዲዮ እንዲቀርጽ ይንገሩት።

ከሸጥሁ በኋላ “ተበላሽቷል፣ ገንዘቤን መልስ” ቢሉኝስ?

አንድ ገጽ ውል ሁሉንም ያቀልለዋል። ይዘቱ፦ የሁለታችሁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀን፣ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ ዋጋ፣ አብሮ የተሰጠው ዝርዝር፣ የታወቀው ጉድለት በግልጽ ቃል (“ከላይ ሁለተኛው ሲ ቁልፍ አንዳንዴ አይነሣም”)፣ ገዢው ሞክሮ መረከቡ፣ ዋስትና ካለም ስንት ሰዓት እንደሆነ። እኛ 48 ሰዓት እንመክራለን። ድብቅ ብልሽት ካለ በዚያ ጊዜ ይወጣል፤ ገዢውም ሳይሳቀቅ ይከፍላል። እያወቁ የደበቁት ጉድለት ግን “እንዳለ ተሽጧል” ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አያድንዎትም።

ዕቃው የተሰረቀ እንዳይሆን የሚጠራጠር ገዢ ምን ባሳየው ያምነኛል?

የድሮ ደረሰኝ፣ ካርቶን፣ ወይም በዕቃው ሲጫወቱ የተነሡት የቆየ ፎቶ ይበቃል። ሲሪያል ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ካለዎት ምክንያቱን ማስረዳት ስለሚከብድ አስቀድመው ይጻፉት። ከገበያው በጣም ያነሰ ዋጋ መጥራትም ጥርጣሬ ይጋብዛል።

አሜሪካ ሆኜ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ እሸጣለሁ፤ የሚለየው ምንድን ነው?

የገንዘቡ መንገድ ነው። ካሸርስ ቼክ ቢመስልም አይቀበሉ፤ ባንኩ ገንዘቡን ሒሳብዎ ላይ አሳይቶ ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ መልሶ ይወስደዋል። ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ልኮ “ትርፉን ለአጓጓዡ ክፈልልኝ” የሚል ሁልጊዜ አጭበርባሪ ነው። በዜል ሲከፈል የሚታየው የባንክዎ አፕ እንጂ ኢሜይል አይደለም፤ “ሒሳብዎን ወደ ቢዝነስ ካላሳደጉ ገንዘቡ አይገባም” የሚል ኢሜይል ውሸት ነው። ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች ለመገበያያ የተመደበ፣ ካሜራ ያለው ቦታ አላቸው፤ እዚያ ይገናኙ። ገዢው አገር ቤት ላለ ዘመድ የሚገዛ አበሻ ከሆነ ስለ ቮልቴጁ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት።

ወር ሙሉ ለጥፌ ጨርሶ አልተሸጠም።

ያንኑ ማስታወቂያ በየቀኑ አይመልሱት፤ ሰው “ምን ቢኖርበት ነው?” ይላል። ለአሥር ቀን ያንሡት፤ በቀን ብርሃን፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አዲስ ፎቶ ያንሡ። አብረው የለጠፉትን ይለያዩት፦ ስታንድ፣ ፔዳልና ገመድ ለየብቻ ሲሸጡ ፈጥነው ይሄዳሉ፤ ዋናው ዕቃም ዋጋው ይቀልለዋል። ወቅቱንም ያስቡ። በዐቢይ ጾም የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይኖር የሠርግ ባንድ ገንዘብ የለውም፤ ጥር ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ግን ባንዶች የጎደላቸውን የሚያሟሉባቸው ናቸው። ያም ካልሆነ ለሱቅ በአደራ ይስጡት፦ የሚደርስዎ መጠን፣ የሱቁ ድርሻ፣ ዕቃው ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅና ካልተሸጠ የሚመለስበት ቀን ተጽፎ፣ ሲሪያል ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ የሱቁ ማኅተም ተመትቶበት።